ሁለት መስመር ውሸት

ልጅየው የመጣ ዕለት እትዬ ጭቃ ውስጥ ተንበርክካ የበሰበሰ እሬት ትነቅል ነበር። ዝናቡ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሳያባራ ወርዷል። እሬት ደግሞ ውሃ ሲበዛበት የሚሞት ተክል ነው፤ ድርቅ ያልገደለውን ዝናብ ይገድለዋል። የአራተኛው መደብ ቅጠል ከሩቅ ላየው ደህና ይመስላል፤ ወፍራም ነው፣ አረንጓዴ ነው፣ ዳርና ዳሩ እሾሁን እንዳሾለ ነው። ጎተት ሲያደርጉት ግን ሥሩ መሬት ውስጥ ይቀርና ግንዱ ብቻ ጠቁሮና ላሽቆ ከነግማቱ እጅ ላይ ይመጣል።

እትዬ ወገቧን ይዛ ቀና አለች። ስሟ ሌላ ነው፤ የቆራጮቹ አለቃ ከሆነች ወዲህ ግን በዕድሜ የሚበልጧት ሴቶች ሳይቀሩ እትዬ ነው የሚሏት። ሠላሳ ስድስት ዓመቷ ነው። አርባ ስድስት ነኝ ብትል የሚከራከራት የለም።

«እሰይ!» አለች ከጎኗ የምትነቅለው ለፍላፊዋ፣ ቢላዋዋን ወደ መንገዱ እየቀሰረች። «የእሜቴ ልጅ መጣ! እሬቱ በሰበሰ ብለው አስጠርተውት ነው፤ የተክል ዶክተር ነው ይሉታል። እንግዲህ በሽተኛው ይኸውና፣ ይመርምርልን!»

እትዬ ዞር ሳትል ነው ያወቀችው። የመኪናው በር ሲዘጋ ሰማች፤ ጫማው ጠጠሩን ሲረግጥ፣ ከዚያም ጠጠሩን ትቶ ጭቃው ውስጥ ሲገባ ሰማች። ሌላ ሰው ቢሆን ከዳር ቆሞ ይጣራ ነበር። እሱ ሱሪውን እንኳ ሳይሰበስብ ገባ። ሰው ከማየቱ በፊት ተክሉን አየ። ጎንበስ ብሎ ግንዱን በአውራ ጣቱ ጫን አደረገና ጣቱን አሸተተ። ከዚያ ቀና አለ። ጸጉሩ በጆሮዎቹ ዙሪያ ሸብቷል።

ዓይን ለዓይን ተያዩ። ዘጠኝ ዓመት።

ለዚህች ቀን እትዬ ብዙ ተዘጋጅታ ነበር። ቢቆጣት ምን እንደምትመልስ ታውቃለች። ዝም ቢላት፣ እንዳላየ ቢያልፋት፣ እሱንም አስባበታለች።

«የቆራጮቹ አለቃ እርስዎ ነዎት?» አላት።

እርስዎ። ለዚህ ግን አልተዘጋጀችም።

«አዎ፣ እኔ ነኝ» አለች።

«ይህ መደብ በሙሉ መነቀል አለበት። ዛሬውኑ ይጀመር።»

«ጀምረናል» አለች። «ከጠዋት።»

ራሱን ነቀነቀ። የሚጨምረው ያለ ይመስል ትንሽ ቆመና ወደ ቤቱ አቀና። እትዬ መዳፏን አየችው። የእሬቱ ቢጫ ወተት ደርቆ ደርቆ፣ ሳሙና የማያስለቅቀው ቡናማ የእጇ ቆዳ ሆኗል። ማንም እያያት አልነበረም፤ እሷ ግን እጇን ብብቷ ሥር ሸሸገችው።

*

እርሻው የእሜቴ ነው። ባላቸው ሞተው ድንጋያማ መሬትና አንድ ወንድ ልጅ ብቻ ሲተዉላቸው፣ እሜቴ መሬቱን አይተው አዩና እሬት ተከሉበት። «እሬት ተክላ ማር ልትቆርጥ!» ብሎ ያልሳቀ ጎረቤት አልነበረም። እሬት ለመጀመሪያው ቆረጣ እስኪደርስ ሦስት ዓመት ይፈልጋልና፣ ሦስት ዓመት ተሳቀባቸው። በአራተኛው ዓመት የቅባትና የሳሙና ፋብሪካ የጭነት መኪና በራቸው ላይ ሲቆም ሳቁም ቆመ።

የእትዬ አባት የዚያ በር ዘበኛ ነበር። እሷም ያደገችው ከበሩ አጠገብ ባለችው አንድ ክፍል ቤት ነው። ከፍ ስትል ችግኝ ቤት ገባች። ሥራዋ ከእናቲቱ ተክል ሥር የሚፈለፈሉትን ልጆች ሥራቸውን ሳትጎዳ መለየትና አዲስ መደብ ላይ መትከል ነበር። ልጅየው ለዕረፍት ሲመጣ እናቱ ሠራተኞቹን ተቆጣጠር ብለው ይልኩታል፤ እሱ ግን መጥቶ ከእሷ ጎን ይንበረከካል። የተክሉን የሳይንስ ስም አስተማራት። እሷ ደግሞ ቢላዋው በየት በኩል ቢገባ ቅጠሉ ብዙ እንደማይደማ አስተማረችው። እየተያዩ፣ እየተሳሳቁ፣ ሰው ሲመጣ ዝም እያሉ ዓመታት አለፉ። ሰው እንዳያያት ስትፈራ «አንቺ እኮ ቆራጭ ነሽ እንጂ ቆራጥ አይደለሽም» ይላት ነበር።

ሃያ አምስት ዓመት ሲሞላት እሱ ለሁለተኛ ዲግሪ ሩቅ ከተማ ሄደ። መንገዱ በአውቶቡስ ሁለት ቀን ይፈጃል። ሁለት ዓመት ተጻጻፉ፤ ለዕረፍት ሲመጣም ይተያዩ ነበር። እሱ አራት ገጽ ይጽፋል፤ እሷ ሦስት ጊዜ ቀድታ አንድ ገጽ ትልካለች።

አንድ ቀን እሜቴ ሳሎን አስጠሯት። አልጮሁም፤ ቢጮሁ ይሻላት ነበር። ለእንግዳ በሚቀርበው ስኒ ሻይ ቀዱላት።

«ልጄ ትምህርቱን አቋርጦ ልመለስ ይላል» አሏት። «ላንቺ ብሎ። አንቺ ደህና ልጅ ነሽ፤ አባትሽም ደህና ሰው ነው። ታሟል አይደል? ከዚህች ቤት ቢወጣ የት ይደርሳል እያልኩ አስባለሁ። አግብቻለሁ ብለሽ ጻፊለት። ሁላችንም እናርፋለን።»

በዚያው ዕለት ጻፈች። በሕይወቷ ሳትቀዳ የላከችው ደብዳቤ እሱ ብቻ ነው፤ ሁለት መስመር ስለሆነ መቅዳት አላስፈለገውም። «አግብቻለሁ። ከእንግዲህ አትጻፍልኝ።»

መልስ አልመጣም። አባቷ በዓመቱ ሞተ። ልጅየው ትምህርቱን ሲጨርስ እዚያው ሥራ ያዘ፤ እናቱ እየሄዱ ያዩታል እንጂ እሱ አልመጣም። ስለ እሷ ጠይቆ አያውቅም፤ እሳቸውም ያልተጠየቁትን አይናገሩም።

አምና የእሜቴ ግማሽ ጎን ዝም አለ። ልጅየው ያኔም የአስታማሚ ገንዘብ ላከ እንጂ አልመጣም። ሦስት አስታማሚዎች ተቀጥረው ሦስቱም በየሳምንቱ ወጡ። «ጎናቸው ነው እንጂ የሞተው ምላሳቸው አልሞተም!» ትላለች ለፍላፊዋ። እትዬ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ለአልጋ ቁስላቸው ትኩስ የእሬት ጄል ይዛ ገባች፤ በዚያው ቀረች። ከዚያ ወዲህ ቆረጣው ሲያልቅ በየቀኑ ትገባለች፤ ታጥባቸዋለች፣ ታገላብጣቸዋለች፣ ስድባቸውን ትሰማለች። ጽድቅ ፈልጋ ነው ያሉ አሉ፤ ውርስ ፈልጋ ነው ያሉም አሉ። እሷ ግን ለምን እንደሆነ ራሷን ጠይቃ አታውቅም። አንድ ሰው ሊያገላብጣቸው ይገባ ነበር፤ ያ ሰው እሷ ሆነች። ሲመሽ እግሯን እየጎተተች የአባቷ ቤት ትገባለች፤ ጫማዋን ሳታወልቅ እንቅልፍ የወሰዳት ቀን ብዙ ነው።

*

ልጅየው በመጣ በሁለተኛው ቀን ከቆራጮቹ እኩል ጭቃ ውስጥ ገባ። ልቡ ያልበሰበሰውን ተክል ለይተው እንዲያመጡለት አዘዘ። ጥቁሩን ክፍል በቢላዋ እየገፈፈ፣ ነጩና ንጹሑ ሥጋ እስኪወጣ ድረስ ይቆርጠዋል፤ ቢላዋውን በአልኮል እየጠረገ ወደሚቀጥለው ያልፋል። የተቆረጠው ሁሉ በቆርቆሮ ዳሱ ሥር በረድፍ ተደረደረ። ቁስሉ እስኪደርቅ አንድ ሳምንት ያህል ሳይተከል ይቆያል፤ ከዚያ አሸዋ በተቀላቀለበት ከፍ ባለ መደብ ላይ ይተከላል።

«የፋብሪካው መኪና ሐሙስ ይመጣል» አለችው እትዬ።

«ከሌሎቹ መደቦች ይሙሉለት። ከዚህ አንድ ቅጠል እንዳይሄድ።»

«ከሌሎቹ ቆርጠን ስድስት ሳምንት አልሞላንም። ደግመን ከቆረጥናቸው ይደክማሉ።»

ተመለከታት። «ልክ ነዎት» አለ። «እንግዲያው መኪናው ባዶውን ይመለስ። እኔ አነጋግራቸዋለሁ።»

ሥራ ላይ ሲሆኑ እንዲህ ነበሩ። ገና ሳትጠይቀው ቢላዋ ያቀብላታል፤ ገና ሳይናገር የፈለገውን ተክል ትገፋለታለች። እጃቸው ዘጠኝ ዓመት አልተለያየም። አፋቸው ብቻ እርስዎና እርስዎ ይባባላል፤ እያንዳንዱ እርስዎ ደግሞ በእትዬ ላይ እንደ በር ይዘጋል። ንቆኛል አለች በልቧ። መናቁም ሲያንሰኝ ነው።

በሦስተኛው ቀን ሴቶቹ ዳሱ ሥር ተቀምጠው ሻይ ሲጠጡ ስኒውን ይዞ አጠገቧ መጣ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣

«ባለቤትዎ ደህና ናቸው?» አላት።

እትዬ ስኒዋን ዝቅ አደረገች። ይህን ጥያቄ ዘጠኝ ዓመት ማንም ጠይቋት አያውቅም። መልስ ከማግኘቷ በፊት ጆሮ ብቻ የሆነችው ለፍላፊዋ ገባችበት።

«የማን ባለቤት? የእትዬ? ኧረ ጌታዬ!» ጭኗን መታ መታ አደረገች። «የእትዬ ባል እሬት ነው! ከእሱ ጋር ትውላለች፣ እሱን ስታስብ ታድራለች፣ ሲታመምባት ይኸው ታስታምመዋለች። የሰው ባል ምን ያደርግላታል?»

ሴቶቹ ሁሉ ሳቁ። ልጅየው አልሳቀም። እትዬን ብቻ እያየ፣

«አላገቡም?» አለ።

«አላገባሁም።»

«ያኔም?»

«ያኔም።»

ስኒውን ጠረጴዛው ላይ በጥንቃቄ አስቀመጠ፤ ስኒው ወይም እጁ ይሰበራል ብሎ የሰጋ ይመስል ነበር። ከዚያ ኮፍያውን እንኳ ሳያነሳ ዝናቡ ውስጥ ወጥቶ ሄደ።

ለፍላፊዋ አፏን በእጇ ያዘች። «ምነው እትዬ? ክፉ ተናገርኩ እንዴ?»

«የለም» አለች እትዬ። «እውነቱን ነው የተናገርሽው።»

ይህ ነገር ከላዬ የወረደ ቀን ይቀለኛል ስትል ኖራለች። አሁን በአንድ ቀልድ ወረደ። አልቀለላትም። እንደውም ያን ያህል ከባድ መሆኑን ያወቀችው አሁን ነው።

*

የእሜቴ አልጋ መስኮቱ ሥር ነው። እትዬ ለብ ያለ ውሃ በሳፋ፣ ፎጣና በብርጭቆ የእሬት ጄል ይዛ ገባች። ሁለት እጇን ከትከሻቸው ሥር አስገብታ፣ ጉልበቷን አልጋው ላይ ተክላ፣ ትንፋሿን ይዛ ወደ ጎን ገለበጠቻቸው። እሜቴ ከስተዋል፤ ነገር ግን ራሱን የማያግዝ ሰው ከክብደቱ በላይ ይከብዳል።

«ልጄ ምሳ አልበላም» አሉ እሜቴ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አድርገው። ከሕመሙ በኋላ ቃላቸው ከአፋቸው ጥግ ተጎትቶ ነው የሚወጣው። «ሰማ፣ አይደል?»

«ሰማ።»

«እናትህ ናት ያስጻፈችኝ በይው። ጨርሺው። እኔ እንደሆንኩ ከዚህ በላይ ምን እሆናለሁ?»

እትዬ ፎጣውን አርሳ ጀርባቸውን ማጠብ ጀመረች። ቀላል ነበር። እውነትም ይመስላል። ግን እውነቱ እሱ ብቻ እንዳልሆነ ከእሷ በቀር የሚያውቅ የለም። በመጨረሻው ደብዳቤው ልጅየው አስተማሪው ቤት እራት ተጋብዞ እንደነበር ጽፎላት ነበር። ለማን ነው እንዲህ የምትጽፈው ብለው ሲጠይቁት፣ እናቴ እርሻ ላይ ለምትሠራ አንዲት ልጅ ብሎ እንደመለሰላቸው። እሱ በኩራት ነው የጻፈው። እሷ ግን ስታነበው ጠረጴዛውን አየች፤ ሹካውን፣ ነጩን ጨርቅ፣ በጨርቁ ላይ የተቀመጠ ቡናማ እጇን አየች። ስለዚህ እሜቴ ሻይ ቀድተው ያን ነገር ሲጠይቋት፣ ከልቅሶዋ ሥር አንድ የተደበቀ ነገር እፎይ ብሎ ነበር።

«እርስዎ ጠይቀውኛል» አለች። «የጻፍኩት ግን እኔ ነኝ።»

እሜቴ ግድግዳውን በጥፍራቸው ጫር ጫር አደረጉ። ከዚያ፣

«የጓንቱንስ ነገር?» አሉ።

«የምን ጓንት?»

«ያ የቆዳው። ከፋብሪካው የመጣ ስጦታ ነው ብዬ የሰጠሁሽ።»

አስታወሰችው። ቡናማ ነበር፤ እስከ ክርኗ የሚደርስ፣ ውስጡ ለስላሳ ጨርቅ ያለው። የእሬቱ እሾህ አያልፈውም ነበር። አምስት ዓመት ሠራችበት። አውራ ጣቱ ሲቀደድ ሰፋችው፤ እንደገና ሲቀደድ እንደገና ሰፋችው። ሌሎቹ ሴቶች ሲሞክሩት ለአንዷ ይጠባል፣ ለሌላዋ ይሰፋል። ለእሷ ብቻ ልኳ ነበር።

«እሱ ነው የላከው» አሉ እሜቴ ለግድግዳው። «ደብዳቤሽ በደረሰው በወሩ። ለሠርጓ ስጪልኝ ብሎ።»

እትዬ ፎጣውን ሳፋው ውስጥ ነክራ ጨመቀችው። ደግማ ጨመቀችው። ውሃው ካለቀ በኋላም ትጨምቀው ነበር።

*

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ዝናቡ ስለበረታ ሠራተኞቹ ቀድመው ሄዱ። እትዬ ዳሱ ውስጥ ስትገባ ልጅየው በረድፎቹ መካከል ቁጢጥ ብሎ የተቆረጡትን እሬቶች አንድ በአንድ እያገላበጠ ነበር። የቆርቆሮው ጩኸት ጆሮ ያደነቁራል።

«ይህ ዝናብ ካላባራ እነዚህም አይደርቁም» አለ ቀና ሳይል።

«ያባራል።»

«በምን አወቁ?»

«አላወቅሁም» አለች። «አንዳችን እንዲያ ማለት ስላለብን ነው።»

ያኔ ተነሣ። ዓይኑ ደም ለብሷል፤ እንዳልተኛ ያስታውቃል።

«ለምን ዋሸሽኝ?»

አንቺ አላት። እርስዎ ወደቀች። እትዬ የዳሱን ምሰሶ ያዘች።

«እናቴ ናት?» አለ። «እሷ ናት አስገድዳ ያስጻፈችሽ? በይኝና ልመንሽ። እሷ ናት በይኝ።»

በሩን ከፍቶላታል፤ አዎ ብትል ይበቃ ነበር።

«እናትህ ጠይቀውኛል» አለች። «አባቴም ታሞ ነበር። ግን ሌላ ደብዳቤ ልጽፍልህ እችል ነበር። ተደብቄ፣ ይህን አስጽፈውኛል አትመን ብዬ መላክ እችል ነበር። አልላክሁም። አፍሬ ነው።»

«በእኔ?»

«በእጄ።»

አልገባውም። ነገረችው፤ ስለ እራቱ፣ ስለ ጠረጴዛው፣ ስለ ነጩ ጨርቅ። ስትጨርስ ሳቀ፤ ግን ሳቁ ሳቅ አልነበረም።

«ዘጠኝ ዓመት እኮ ነው!» አላት፣ ድምፁ ከዝናቡ በላይ እየወጣ። «ዘጠኝ ዓመት! ወልዳለች ብዬ ነበር። የመጀመሪያው ወንድ ነው ብያለሁ። ትምህርት ቤት የሚገባበት ዓመት ሲደርስ ዛሬ አስገብታው ይሆናል ብዬ ቀኑን ሙሉ ሥራ አልሠራሁም! ያልተወለደ ልጅ አሳድጌያለሁ፣ ትሰሚኛለሽ? ለማላውቀው ሰውዬ ጤና ለምኛለሁ፣ እሱ ከታመመ አንቺ ትቸገሪያለሽ ብዬ!»

«እሰማሃለሁ።»

«እዚህ ስመጣ የሰው ሚስት ናት ብዬ ነው እርስዎ ያልኩሽ። አንቺ ብዬ ከጀመርኩ የማቆም አልመሰለኝም።»

እትዬ ለአራት ቀን እንደ ንቀት የተቀበለችውን ቃል አሁን ዳግም ሰማችው። ዓይኗ ሞላ።

«ጓንቱ ያንተ መሆኑን ትናንት ነው የነገሩኝ» አለችው።

ቁጣው ከትከሻው ሲወርድ ታየ።

«ልክሽ ነበር?»

«ልኬ ነበር። አምስት ዓመት አደረግሁት።»

ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። እትዬ ሲያለቅስ አይታው አታውቅም። ትልቅ ሰው ነው፤ ሲያለቅስም እንደ ትልቅ ሰው ነው፣ ድምፅ ሳያወጣ፣ ከሆዱ።

«እኔስ?» አለ በመጨረሻ። «በአውቶቡስ ሁለት ቀን ነው። ሁለት ቀን ተጉዤ አንድ ጥያቄ መጠየቅ አቃተኝ። አራት ገጽ የምጽፍ ሰው ሁለት መስመር ገደለኝ። ለራሴ ኩራት ነው አልኩት። ፍርሃት ነው እንጂ፣ ምን ኩራት አለው።»

ሁለቱም ተገልብጦ በቆመ ሣጥን ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ።

«አሁንስ?» አላት።

«ደክሞኛል።»

«እኔም።»

«አይ፣ አልገባህም» አለች። «ያቺ የምታውቃት ልጅ የለችም። ጉልበቴን ያመኛል። ከሰዓት በኋላ ሰው ሲያወራኝ ግማሹን አልሰማም። ሌሊት ማንም ባይጠራኝ ብዬ እተኛለሁ። ፍቅር አቅም ይፈልጋል፤ የለኝም። ብትጠይቀኝ የምሰጥህ ነገር የለም። ዘጠኝ ዓመት ቀርቶብህ አሁን ባዶ እጅ ላሳይህ?»

«የሌለሽን ማን ጠየቀሽ?» አለ። እጇን ያዘ። ልትነጥቀው ሞከረች፤ አልለቀቃትም። መዳፏን ገልብጦ ቡናማውን ቀለም፣ የእሾሁን ጠባሳ፣ የደረቀውን ስንጥቅ በአውራ ጣቱ ዳሰሰው። «ጉልበትሽን ሲያምሽ አብሬሽ ልቀመጥ። የማትሰሚውን ግማሹን ደግሜ ልንገርሽ። አብሬሽ ልድከም፤ ሌላ የምለምንሽ የለኝም።»

እትዬ ግንባሯን ትከሻው ላይ ጣል አደረገች። ዝናቡ አላባራም። እሷ ግን ከብዙ ጊዜ በኋላ ስለ ዝናቡ ማሰብ ትታ ነበር።

*

ዝናቡ ያባራው ከሁለት ቀን በኋላ ነው። የእሬቶቹ ቁስል ደርቆ በአዲሱ መደብ ላይ ተተከሉ። ከአራተኛው መደብ ግማሽ ያህሉ ዳነ፤ ግማሹ ጠፋ። ለፍላፊዋ ነገሩን ከሰማች በኋላ «እኔ ነኝ አስታራቂዋ!» እያለች ለአላፊ አግዳሚው ታወራለች።

ተከላው ባለቀበት ቀን፣ ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል፣ ሁለቱ አንድ ላይ ወደ እሜቴ ክፍል ገቡ። እትዬ ሳፋውን እንደያዘች በሩ ላይ ቀረች። ልጅየው አልጋው ጫፍ ተቀመጠ።

«እማዬ፣ እሷን ላገባ ነው» አለ። «ስለ ደብዳቤው አልወቅስሽም። ለመንገር ነው የመጣሁት።»

እሜቴ ጣራውን አዩ። ደህና የሆነው እጃቸው አንሶላውን ይጨብጣል፣ ይለቃል። እትዬ ስድብ ጠበቀች። ምርቃት ሊመጣ እንደማይችል ታውቅ ነበር።

«አልመርቅም» አሉ እሜቴ። «አፌ እንኳ አይታዘዘኝም።» ትንፋሽ ሰበሰቡ። «ግን ይዘሃት አትሂድብኝ። ከእሷ ሌላ የሚችለኝ የለም።»

«የትም አንሄድም» አላቸው።

ይቅርታ አልነበረም። ይሁንታም አልነበረም። እትዬ ምን እንደሆነ ለማወቅ አልሞከረችም፤ ወደ አልጋው ቀርባ ሳፋውን አስቀመጠች። የመገልበጫ ሰዓታቸው ደርሷል።

ልጅየው እጅጌውን ሰበሰበ። «እንዴት ነው የሚያዙት?» አለ።

«ከትከሻቸው ሥር አንድ እጅህን፣ ከወገባቸው ሥር አንዱን። በክንድህ ሳይሆን በእግርህ ጉልበት አንሳ። ቀስ።»

ከወዲያና ከወዲህ ይዘው አነሷቸው። እሜቴ ቀለሉ። እትዬ መጀመሪያ የተሳሳተች መሰላት፤ ክብደታቸው የት ሄደ? ግማሹ በእሱ እጅ ላይ ነበር። ለአንድ ዓመት ብቻዋን ስታነሳቸው የነበሩት ሴትዮ ይህን ያህል ቀላል መሆናቸውን አታውቅም ነበር።

«ፎጣውን ስጪኝ» አላት። «ተቀመጪ።»

«አትችልበትም።»

«እየተሰደብኩ እማራለሁ። ተቀመጪ።»

ግድግዳው ሥር አንድ የእንጨት ወንበር አለ። እትዬ በዚያ ክፍል ውስጥ ዓመቱን ሙሉ ተቀምጣ አታውቅም ነበር። ተቀመጠች። እሜቴ «ውሃው ቀዝቅዟል፣ አንተ ደነዝ!» ሲሉ ሰማች፤ እሱ «እሺ እማዬ» ሲል ሰማች። ውሃው ሲንጠባጠብ ሰማች። ልትነሳ፣ ጄሉን ከየት እንደሚያገኝ ልትነግረው አሰበች። ግን ዓይኗ እየከበደ ነበር። ሌላ ሰው ነቅቷል አለች በልቧ፤ ይህን ለማመን ትንሽ ጊዜ ወሰደባትና፣ አመነች። ራሷን ግድግዳው ላይ አስደግፋ እንቅልፍ ወሰዳት።